ሁለት ማይክ ስንደምር ኪክ ድራሙ ለምን ጠፋ?

የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ እያለሁ ነው። ባንድ ያላቸው ጓደኞቼ አንድ ሐሳብ አመጡ። ድራመራቸው በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ስለሆነ፣ ከመሄዱ በፊት አብረው የሠሯቸውን ሦስት ዘፈኖች መቅረፅ ፈለጉ። የመለማመጃ ክፍል ለአንድ ቀን ተከራየን። "አንተ ኤሌክትሪካል አይደል የምትማረው? ቀረፃው ያንተ ነው" ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ቀን ድረስ ማይክ ይዤ የማውቀው "አንድ፣ ሁለት፣ ቼክ" ለማለት ብቻ ነበር።

ኪክ ድራም መሬት ላይ በጎኑ የሚቀመጠው፣ ድራመሩ በእግሩ ፔዳል እየረገጠ የሚመታው ትልቁ ከበሮ ነው። ለእሱ ሁለት ማይክ ተዋስኩ። አንዱን በፊት ለፊቱ ቆዳ ላይ ባለው ቀዳዳ አፍ አጠገብ፣ ሌላውን ደግሞ በፔዳሉ በኩል መምቻው ጎን አቆምኩ። ሁለት ከአንድ ይሻላል ብዬ ነዋ!

ማታ ቤት ገብቼ የመጀመሪያውን ማይክ ብቻውን ስሰማው "ዱም፣ ዱም" ይላል፤ ጥሩ ነው። ሁለተኛውንም ብቻውን ሰማሁት፤ እሱም ጥሩ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስከፍታቸው ግን "ዱም" የሚለው ጠፍቶ "ጠቅ፣ ጠቅ" የሚል ድምፅ ብቻ ቀረ። አንድ ሰው በጥፍሩ ጠረጴዛ የሚመታ ነው የሚመስለው። ድምፁን ከፍ አደረግኩት፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀየርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ለመድገም ደግሞ ድራመሩ ሄዷል።

ሁለት ጥሩ ድምፆች ተደምረው እንዴት አንድ መጥፎ ድምፅ ይሰጣሉ? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ድራሙ ምን እንደሚያደርግ፣ ቀጥሎ ማይኩ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ አለብን። እስኪ አብረን እንየው።

አንድ ምት፣ ሦስት ድምፅ

መምቻው ቆዳውን ሲመታው ቆዳው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ተመልሶ ይወጣል፤ እንደገና ይገባል። ይህን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚደጋግም የሚነግረን ቁጥር ድግግሞሽ ወይም ፍሪኩዌንሲ ይባላል፤ የሚለካውም በኸርዝ ነው።

የኪክ ድራም ድምፅ አንድ ወጥ ድምፅ አይደለም። በደንብ ካዳመጣችሁት ቢያንስ ሦስት ነገሮች አሉበት። የመጀመሪያው ከ50 እስከ 100 ኸርዝ አካባቢ ያለው፣ ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ የሚሰማን "ዱም" ነው። ሁለተኛው ከ200 እስከ 500 ኸርዝ አካባቢ ያለው፣ ሲበዛ ባዶ ካርቶን የሚመታ የሚያስመስለው ድምፅ ነው፤ ቀራፆች አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሱታል። ሦስተኛው መምቻው ቆዳውን በሚነካበት ቅፅበት የሚፈጠረው "ጠቅ" ሲሆን ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ አካባቢ ይገኛል።

"ጠቅ" የሚለውን አትናቁት። የስልካችሁ ስፒከር በጣም ትንሽ ስለሆነ 60 ኸርዝን በቅጡ ማውጣት አይችልም። በስልክ ሙዚቃ ስትሰሙ ኪክ ድራሙ የት የት ቦታ እንደተመታ የሚነግራችሁ በአብዛኛው ያ "ጠቅ" ነው። ስለዚህ ጥሩ ቀረፃ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ለትልቅ ስፒከር "ዱም"፣ ለትንሽ ስፒከር "ጠቅ"።

አሁን ሁለት ቁጥሮች እንያዝ፤ በኋላ ያስፈልጉናል። አየሩ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህን ለድግግሞሹ ስናካፍል የአንዱን ሞገድ ርዝመት እናገኛለን። የ60 ኸርዝ "ዱም" ርዝመቱ 5.7 ሜትር ገደማ ነው፤ ከብዙ ሰው መኝታ ክፍል ይረዝማል። የ4,000 ኸርዝ "ጠቅ" ግን 8.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከመዳፋችሁ አይበልጥም። ሁለቱም ከአንድ ምት ወጥተዋል፤ ግን አንዱ ዝሆን፣ አንዱ ጉንዳን ነው።

የትኛው ማይክ?

ማይክ የአየር ግፊት ለውጥን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያ ነው። አሠራሩ ግን የተለያየ ነው።

ዳይናሚክ በሚባለው ዓይነት ውስጥ ዲያፍራም የሚባል ስስ ሽፋን አለ። ከጀርባው የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ተጣብቆበታል፤ ሽቦው ያለው በማግኔት መካከል ነው። ድምፁ ሽፋኑን ሲገፋው ሽቦው ይንቀሳቀሳል፤ በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ ሽቦ ላይ ደግሞ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ይህን ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየን ነገር ነው፤ የግድብ ጄነሬተርም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

ልብ በሉ፤ ይሄ አሠራር ስፒከር ተገልብጦ ማለት ነው! ስፒከር ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ሽፋኑን ያንቀሳቅሳል፤ ዳይናሚክ ማይክ ሽፋኑ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ስለዚህም አንዳንድ ቀራፆች ትልቅ ስፒከር ፈትተው ኪክ ድራሙ ፊት እንደ ማይክ ያቆሙታል። ሰፊና ከባድ ሽፋኑ ጉንዳኖቹን መከተል አይችልም፤ ዝሆኑን ግን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ያማሃ በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ሰብኪክ የሚባል ዕቃ ሠርቶ ሸጧል።

ኮንደንሰር የሚባለው ዓይነት ደግሞ ሁለት የተቀራረቡ ሳህኖች አሉት፤ አንዱ ስስ ሆኖ በድምፅ ይንቀሳቀሳል። ርቀታቸው ሲቀየር የሚይዙት የኤሌክትሪክ መጠን ይቀየራል። የሚንቀሳቀሰው ክፍል በጣም ቀላል ስለሆነ ጥቃቅኖቹን ሞገዶች በትክክል ይከተላል። ለመሥራት ግን ኃይል ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ 48 ቮልት በማይኩ ገመድ በኩል ይላክለታል።

ለኪክ ድራም ብዙ ሰው ዳይናሚክ የሚመርጠው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ጉልበት ነው። ተራ ጭውውት 60 ዴሲቤል ገደማ ነው እንበል። ኪክ ድራም ውስጥ የገባ ማይክ ከ130 ዴሲቤል በላይ ሊያገኘው ይችላል። "እጥፍ ገደማ ነው" እንዳትሉ! በዴሲቤል 20 ሲጨመር ግፊቱ በ10 ይባዛል። የ70 ዴሲቤል ልዩነት ማለት ከ3,000 እጥፍ በላይ የሆነ ግፊት ማለት ነው። ስለዚህ ማይክ ስትመርጡ መመሪያው ላይ "የሚችለው ከፍተኛ የድምፅ ግፊት" የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። ኮንደንሰርም ቢሆን ይህን ከቻለ ይሆናል።

ሁለተኛው ቁጥር የሚሰማው የድግግሞሽ ክልል ነው። ለምሳሌ ብዙ ቦታ የምታገኙት ሹር ኤስኤም57 ከ40 እስከ 15,000 ኸርዝ ይቀበላል። ለኪክ ድራም ተብሎ የተሠራው የዚያው ድርጅት ቤታ 52ኤ ግን ከ20 እስከ 10,000 ኸርዝ ነው። ታች ወርዶ "ዱም"ን ይሰበስባል፤ ላይ ያለውን ደግሞ ለሲምባሉ ትቶታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሪበን የሚባለውን፣ በውስጡ እጅግ ስስ የብረት ጥብጣብ ያለውን ማይክ ከኪክ ድራም ቀዳዳ ፊት አታቁሙ። ከዚያ የሚወጣው የአየር ግፊት ጥብጣቡን ሊለጥጠው ይችላል። የተዋሳችሁት ከሆነማ አስቡት።

ስንቀርብ "ዱም" ለምን ይጨምራል?

ድራም ላይ የምንጠቀምባቸው አብዛኞቹ ማይኮች ከፊታቸው ያለውን ድምፅ ከኋላቸው ካለው አስበልጠው ይሰማሉ። ይህን የሚያደርጉት ድምፁ በዲያፍራሙ ፊትም፣ በጎን ባሉ ቀዳዳዎች ገብቶ በጀርባውም እንዲደርስ በማድረግ ነው። ዲያፍራሙ የሚንቀሳቀሰው በሁለቱ ግፊቶች ልዩነት ነው።

ድምፁ ከፊት ተነሥቶ ጀርባ ለመድረስ 3 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ይሄዳል እንበል። ማይኩ ከቆዳው 1 ሜትር ቢርቅ ፊቱ 100፣ ጀርባው 103 ሴንቲ ሜትር ላይ ናቸው። ግፊት ርቀት ሲጨምር ይቀንሳልና በርቀት ብቻ የሚመጣው ልዩነት 3 በመቶ ገደማ ነው። ማይኩን 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ ብናቀርበውስ? ፊቱ 5፣ ጀርባው 8 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናሉ። የጀርባው ግፊት ከፊቱ በ37.5 በመቶ ያንሳል!

ይህ ልዩነት ይበልጥ የሚጠቅመው ረጃጅሞቹን ሞገዶች ነው። 5.7 ሜትር ለሚረዝም ሞገድ 3 ሴንቲ ሜትር ምንም ስላልሆነች፣ በሩቅ ሲሆን በፊትና በጀርባ መካከል የሚፈጥረው ልዩነት ኢምንት ነው። አምራቾች ይህን ድክመት ለማካካስ ማይኩ ለወፍራም ድምፅ የበለጠ ስሜት እንዲኖረው አድርገው ይሠሩታል። ስንቀርብ ርቀቱ ራሱ ትልቅ ልዩነት ይጨምራል፤ ማካካሻውም እንዳለ ነው። ውጤቱ ወፍራም ድምፅ ሞልቶ መፍሰሱ ነው። የሬዲዮ አቅራቢዎች ማይኩን አፋቸው ላይ ሲያስጠጉ ድምፃቸው የሚጎረናውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ውጤት ለመቀነስ ተብለው የሚሠሩ ማይኮችም አሉ፤ ኤሌክትሮ-ቮይስ አርኢ20 አንዱ ነው።

የት እናስቁመው?

መቅረብ ሌላም ጥቅም አለው፤ ጎረቤቶችን ዝም ያሰኛል። ማይኩ ከኪኩ ቆዳ 10፣ ከስኔሩ 60 ሴንቲ ሜትር ቢርቅና ሁለቱ እኩል ቢጮሁ፣ ከኪኩ የሚደርሰው ግፊት 6 እጥፍ ይበልጣል። ማይኩን አውጥታችሁ ከኪኩ 60፣ ከስኔሩ 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ብታቆሙት ግን ብልጫው ወደ 1.3 እጥፍ ይወርዳል። በቃ፣ ስኔሩ ገባ ማለት ነው።

ሦስት የተለመዱ ቦታዎች አሉ።

አንደኛ፣ ከውስጥ፣ ከተመችው ቆዳ ከ5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር። መምቻው ወደሚያርፍበት ነጥብ ካዞራችሁት "ጠቅ" ይጎላል። ወደ ጎን ዞር ስታደርጉት "ጠቅ" ለስለስ ይላል።

ሁለተኛ፣ የፊት ለፊቱ ቆዳ ቀዳዳ አካባቢ፣ ትንሽ ገባ ብሎ ወይም ትንሽ ወጣ ብሎ። እዚህ "ዱም" ይሞላል። በቀዳዳው መሀል ቀጥ አድርጋችሁ ግን አታቁሙት። በእያንዳንዱ ምት ከቀዳዳው አየር ይተኮሳል፤ ማይኩም ድምፅ ሳይሆን ንፋስ ይቀርፃል። እጃችሁን ቀዳዳው ፊት አድርጋችሁ ሰው እንዲመታላችሁ ጠይቁ፤ ንፋሱ ይሰማችኋል።

ሦስተኛ፣ ከውጭ፣ ከፊት ለፊቱ ቆዳ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ። እዚህ "ጠቅ" ይቀንሳል፣ የድራሙ ሙሉ አካልና የክፍሉ ድምፅ ይገባል።

ድምፁ ረዝሞ እያስተጋባ ካስቸገራችሁ ደግሞ ውስጡ ጨርቅ ይደረጋል። የቆዳው ንዝረትና የውስጡ አየር ጨርቁን ሲያንቀሳቅሱ ጉልበቱ በሰበቃ ወደ ሙቀት ይቀየራል። እኛ ያን ቀን ያስገባነው ጋቢ ነበር፤ አሪፍ ሠርቷል።

ይህ ሁሉ ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን በሚገኘው የኢኤምአይ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ከኪክ ድራም 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሳይርቁ ማይክ ማቆም ክልክል ነበር፤ ግፊቱ ማይኩን ያበላሸዋል ተብሎ ነው። በዚያ ዓመት ቢትልስ "ሪቮልቨር" የተባለውን አልበም ሲቀርፁ የ20 ዓመቱ ቀራፅ ጄፍ ኤመሪክ የሱፍ ሹራብ ድራሙ ውስጥ ጨምሮ ማይኩን እጅግ አስጠጋው። ድምፁ ከዚያ በፊት ከሚሰማው የተለየ ሆነ። ማይክ ማስጠጋት ዛሬ በየስቱዲዮው የተለመደ አሠራር ነው።

አሁን ወደ እንቆቅልሹ

መምቻው ቆዳውን ሲመታ ቆዳው ከፔዳሉ ወደ ድራሙ ውስጥ ይሸሻል። ውስጥ ያለው አየር ይታመቃል፤ በቀዳዳው በኩል ያለው ማይክ መጀመሪያ የሚያገኘው የግፊት መጨመር ነው። በፔዳሉ በኩል ግን ቆዳው ከማይኩ ስለራቀ አየሩ ይሳሳል፤ እዚያ ያለው ማይክ መጀመሪያ የሚያገኘው የግፊት መቀነስ ነው። አንዱ "ሲደመር" ሲል ሌላው "ሲቀነስ" ይላል። 1 ሲደመር ኔጌቲቭ 1 ስንት ነው? ዜሮ!

ታዲያ "ጠቅ" ለምን አልጠፋም? ያያዝናቸውን ሁለት ቁጥሮች አምጡ። አንዱ ማይኬ ከቆዳው ያለው ርቀት ከሌላው በ25 ሴንቲ ሜትር ይበልጥ ነበር እንበል። ለ60 ኸርዝ ይህ ከሞገዱ ርዝመት 5 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ሁለቱ ሞገዶች እኩል እየሄዱ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው እየወረደ፣ ይጣፋሉ። ለ4,000 ኸርዝ ግን 25 ሴንቲ ሜትር ማለት ሦስት ሞገድ ገደማ ነው። እዚያ አካባቢ ያሉት ድግግሞሾች አንዱ ሲጣፋ ሌላው ይደመራል፤ ስለዚህ "ጠቅ" ቅርፁ ቢቀየርም ተርፏል። ዝሆኑ ጠፋ፣ ጉንዳኗ ቀረች።

ይህን ያወቅኩት ከሳምንታት በኋላ ሲግናል ስንማር ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሁለት ተቃራኒ ሞገዶች ስለው መሀላቸው ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። እኔ ግን ሰሌዳው ላይ የታየኝ የጓደኛዬ ኪክ ድራም ነበር። ቤት እንደገባሁ ፋይሉን ከፈትኩ። መቅረጫ ሶፍትዌሮች ላይ ክብ ሆና መሀሏን መስመር የሚያቋርጣት ትንሽ ምልክት አለች። ሥራዋ ሞገዱን መገልበጥ፣ ማለትም ፖላሪቲውን መቀየር ነው። የአንዱን ማይክ ተጫንኩ። "ዱም!" ተመለሰ።

የተረፍነው በአንድ ዕድል ነው፤ ሁለቱን ማይኮች በተለያየ ትራክ ቀርጬ ነበር። እዚያው አንድ ላይ ደምሬ ቀርጬ ቢሆን ኖሮ የተጣፋው ተጣፍቶ ይቀር ነበር፤ የትኛውም ምልክት አይመልሰውም።

ችግሩ ሁልጊዜ ከመገልበጥ ብቻ አይመጣም። ሁለቱም ማይኮች ከፊት ሆነው አንዱ ከሌላው 2.9 ሜትር ገደማ ቢርቅ፣ የ60 ኸርዝ ሞገድ ግማሽ ርዝመቱን ዘግይቶ ስለሚደርስ እንደገና ይጣፋል። ስለዚህ ሁለት ማይክ ስትጠቀሙ ሦስቱን ስሙ፦ አንዱን ብቻ፣ ሌላውን ብቻ፣ ሁለቱን አንድ ላይ። ሁለቱ ተደምረው ከአንዱ የሳሳ ድምፅ ከሰጡ ፖላሪቲውን ገልብጡ ወይም ማይኩን አንቀሳቅሱ። ይህም ድራመሩ ሳይሄድ በፊት ይሁን!

የእኛው ከበሮም ከዚህ አያመልጥም። ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊውና ጠባቡ። አንዱ ፊት ተመትቶ ወደ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ሌላውን ፊት ወደ ውጭ ይገፋዋል። በሁለቱ በኩል ማይክ ብታቆሙ፣ ለወፍራሙ ድምፅ አንዱ የግፊት መቀነስ ሌላው የግፊት መጨመር ያገኛሉ። ያው እንቆቅልሽ፣ ያው መፍትሔ።

እናንተም ሞክሩት

ድራም አያስፈልጋችሁም። ባዶ ጀሪካንና ስልክ ይበቃል። ጀሪካኑን በጨርቅ በተጠቀለለ ዱላ እየመታችሁ በስልካችሁ ከ5 ሴንቲ ሜትር፣ ከ30 ሴንቲ ሜትርና ከ1 ሜትር ላይ ቅረፁ። በጆሮ ማዳመጫ ስሙትና የክፍሉ ድምፅ ምን ያህል እየገባ እንደሄደ አስተውሉ።

ከዚያ ኮምፒውተር ካገኛችሁ ፋይሉን ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ክፈቱ። ትራኩን ኮፒ አድርጋችሁ አንዱን ብቻ ገልብጡትና ሁለቱን አንድ ላይ አጫውቱ። ፍፁም ዝምታ ትሰማላችሁ። ቀጥሎ አንዱን ትራክ በአንድ ሺኛ ሰከንድ ወደ ቀኝ ግፉት። ይህ ማይኩን 34 ሴንቲ ሜትር እንደማራቅ ነው። የትኛው ድምፅ መጀመሪያ ተመለሰ? ወፍራሙ ወይስ ቀጭኑ? ለምን? መልሱን ከዝሆኑና ከጉንዳኗ ታገኙታላችሁ።

የተስተካከለውን ዘፈን ለድራመራችን በቴሌግራም ላክሁለት። እሱ ያለበት አገር ሌሊት ነበር መሰለኝ፣ የመለሰልኝ በማግስቱ ነው። "ይሄ ነው እንጂ የኔ እግር!" ይላል።